የቁም ተዝካር

ጥቂቱን ገድሎ ብዙውን ማዳን ይፈቀዳል ወይ? ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ከክርክር መድረክ ወርዶ ሕግ ሆኖ ነበር። የጀርመን ፓርላማ ያጸደቀው የአየር ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 ሥራ ላይ ሲውል፣ በ14ኛው አንቀጹ ለመከላከያ ሚኒስትሩ እጅግ ከባድ ሥልጣን ሰጠው። አንድ አውሮፕላን የሰው ሕይወት ማጥፊያ ሊሆን ነው ከተባለና ሌላ መከላከያ ከጠፋ፣ ሚኒስትሩ በተዋጊ ጄት እንዲመታ ማዘዝ ይችላል። በውስጡ የተቀመጡት ጠላፊዎች ብቻ ባይሆኑም፣ ትኬት ቆርጠው የተሳፈሩ፣ ሕፃን ያቀፉ፣ ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ሰዎች ቢሞሉበትም ይችላል።

ሕጉን ያወጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ የሆነውን ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን እንደ ቦምብ ሊወረወር እንደሚችል የማያስብ መንግሥት የለም። ጀርመኖቹ ደግሞ የራሳቸው ድንጋጤ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2003 አንድ የታጠቀ ሰው አነስተኛ አውሮፕላን ቀምቶ በፍራንክፈርት ከተማ የባንክ ፎቆች ዙሪያ ሲያንዣብብ ቆየ፤ በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ሕንፃ ላይ እከሰከሳለሁ ብሎ ዛተ። በመጨረሻ በሰላም አረፈ፤ አንድም ሰው አልሞተም። «ባያርፍስ ኖሮ?» የሚለው ጥያቄ ግን ፓርላማው ድረስ ዘለቀ።

ፕሬዚዳንት ሆርስት ኮህለር ሕጉን ሲፈርሙ ጥርጣሬያቸውን አልደበቁም፤ ፍርድ ቤት ቢመረምረው እንደሚሻል አሳስበው ነበር። አቤት ባዮችም አልጠፉም። የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ጌርሃርት ባውምና የሕግ ሰው የሆኑት ፖለቲከኛ ቡርክሃርት ሂርሽ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። አቤቱታቸው ቀላል ነበር፤ እኛ አዘውትረን በአውሮፕላን እንሄዳለን፣ ይህ ሕግ ደግሞ መንግሥታችን እኛን ራሳችንን እንዲገድል ይፈቅድለታል የሚል። በካርልስሩሄ ከተማ የሚያስችለው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የካቲት 8 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2006) ፍርዱን ሰጠ። አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳልና ከንቱ ነው አለ።

ይህ መጽሔት ከዚያ ፍርድ ጎን ይቆማል። የምንቆመው ዋጋው ስንት ሊሆን እንደሚችል ጠፍቶን አይደለም። አንድ ቀን አንድ አውሮፕላን ሕዝብ በሞላበት አደባባይ ላይ ቢወድቅ፣ ይህን አቋም የያዝን ሁላችን የሟች ቤተሰብ ፊት ቆመን መልስ መስጠት እንዳለብን እናውቃለን። ይህን አውቀን ነው ፍርዱ ትክክል ነው የምንለው።

ፍርድ ቤቱ በዋነኛነት የተመረኮዘው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ የሰው ልጅ ክብር የማይደፈር ነው በሚለው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ አንቀጽና በሕይወት የመኖር መብት ላይ። ጠላፊው መንገደኛውን ማስፈራሪያና መሣሪያ ያደርገዋል። መንግሥት አውሮፕላኑን ሲመታ ደግሞ ያንኑ መንገደኛ ለሁለተኛ ጊዜ ዕቃ ያደርገዋል፤ ሌላውን ለማዳን የሚጣል ዕቃ። ራሱን መከላከል የማይችል፣ ምንም ያላጠፋ ሰው፣ ሊጠብቀው በተሾመ መንግሥት እጅ ይሞታል። አውሮፕላኑ ሰው አልባ ቢሆን ወይም በውስጡ ያሉት ጥቃት አድራሾቹ ብቻ ቢሆኑ ነገሩ ሌላ እንደሚሆን ፍርድ ቤቱ ለይቶ ተናግሯል፤ ጥቃት የሰነዘረ ሰው የሚደርስበት የገዛ ሥራው ውጤት ነው። የተከለከለው ንጹሐኑን መሥዋዕት ማድረግ ነው።

ጀርመኖች ይህን የክብር አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ1949 የሕገ መንግሥታቸው መክፈቻ ያደረጉት የንግግር ማሳመሪያ ፈልገው አልነበረም። ከዚያ አስቀድሞ በነበረው የናዚ ዘመን የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች «ሸክም ናቸው» ተብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ብቻ ከ70,000 በላይ የሚሆኑት በገዛ አገራቸው ሐኪሞች ተመርጠው በጋዝ ተገድለዋል። በሞታቸው ስንት እንጀራና ስንት አልጋ እንደተረፈ ሳይቀር በወረቀት የሰፈረ ስሌት ነበር። የ2005ቱን ፓርላማ ከእነዚያ ገዳዮች ጋር ማመሳሰል ግፍ ነው፤ አናደርገውም። ነገር ግን ሰውን ደምሮ ሰውን መቀነስ የት ሊያደርስ እንደሚችል በገዛ ቤቱ ያየ ሕዝብ፣ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲፈራ ሊሰማ ይገባዋል።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አሳንሰን ማቅረብ አንሻም፤ ጠንካራ ክርክር ነውና። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም (1748–1832) የአንድ ሥራ ደግነት የሚለካው ለስንት ሰው ምን ያህል ደስታ ባመጣው ወይም ምን ያህል ሥቃይ ባስቀረው ነው ብሎ ሲነሣ፣ የጌታው ቁርጥማት ከድሃው ልጅ ሞት በሚበልጥበት ዘመን ነበር የተናገረው። የጌታውም የገረዱም ሥቃይ በእኩል ይቆጠር ማለት በዚያ ዘመን ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬም የጤና በጀት ሲደለደል፣ የትኛው ወረዳ አስቀድሞ ክትባት ያግኝ፣ የትኛው መንገድ ቀድሞ ይሠራ ሲባል፣ በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው ይተርፋል ብሎ የማይጠይቅ ሹም ኃላፊነቱን አልተወጣም። አንድ የኦክስጅን መሣሪያ ብቻ ይዞ ሦስት በሽተኛ የቀረበለት ሐኪም መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት የሰሜን ጣሊያን ሐኪሞች በኮሮና ወረርሽኝ ይህን ምርጫ በየሌሊቱ ሲጋፈጡ ነበር። ሁለቱን ሳያድን የቀረውን ሐኪም ገዳይ የሚለው የለም። የገደላቸው በሽታው ነው፤ ሐኪሙ ያለውን አካፈለ።

ያው ሐኪም ግን ለአምስት በሽተኞች ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ፍለጋ ለምርመራ የመጣን አንድ ጤነኛ ሰው አጋድሞ ቢያርድ፣ አምስት ለአንድ ነው ብሎ የሚያጨበጭብለት አይገኝም። ፊሊፓ ፉት የተባለች እንግሊዛዊት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ፍሬኑ የተበጠሰ የከተማ ባቡር ምሳሌ አድርጋ ይህንኑ ልዩነት ስትመረምር ነበር። አሜሪካዊቷ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን በበኩሏ ከድልድይ ላይ ሰው ገፍትሮ ባቡሩን ማስቆምን ጨመረችበት። አምስት ሰው ወዳለበት የሚንደረደረውን ባቡር አንድ ሰው ወዳለበት ሐዲድ ማዞርን ብዙ ሰው ይቀበላል፤ ሰውየውን በእጅ ገፍትሮ ከባቡሩ ሥር መጣልን ግን አብዛኛው እንቢ ይላል። ቁጥሩ በሁለቱም አምስትና አንድ ነው። የስሌቱ ወገኖች ይህ እንቢታ የስሜት ድክመት ነው ይላሉ። እኛ እንደዚያ አናየውም። ያለንን ስናካፍል መቁጠር ግዴታችን ነው፤ እንቢታው የሚመጣው ሰውዬው ራሱ ካለን ነገር መካከል ሲቆጠር ነው።

ወደ አውሮፕላኑ እንመለስ። ሕጉን የደገፉ ሰዎች ትልቁ መከራከሪያቸው የነበረው፣ መንገደኞቹ ለማንኛውም አይተርፉም የሚለው ነው። ጠላፊው አውሮፕላኑን ከሕንፃ ጋር ሊያጋጨው ስለሆነ አልቆላቸዋል፤ የቀራቸው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እነርሱን መምታት የሚሞተውን ማስቀደም እንጂ መግደል አይባልም። ይህ አባባል ለጆሮ ምክንያታዊ ይመስላል። ለእኛ ግን ከሕጉ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

በአገራችን ቁም ተዝካር የሚባል ልማድ አለ። ወራሽ የሌለው ወይም ከሞቱ በኋላ የሚያስታውሰው እንዳያጣ የሚሰጋ ሰው፣ በሕይወት ሳለ ድግሱን ደግሶ፣ ካህናቱን ጠርቶ፣ ድሃውን አብልቶ የገዛ ተዝካሩን ያወጣል። ባለቤቱ ወዶና ፈቅዶ ስላደረገው ያማረ ነው። የጎረቤቱን ቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው ግን አልታየም፤ ቢታይም ሟርተኛ ተብሎ ከመንደር ይባረር ነበር። የጀርመኑ ሕግ ያደረገው ይህንን ነው። መቀመጫቸው ላይ ቀበቶ ያሰሩ፣ የሚተነፍሱ፣ የሚጸልዩ፣ ምናልባትም እርስ በርስ ምን እናድርግ እያሉ የሚንሾካሾኩ ሰዎችን ተዝካር ሚኒስትሩ ቢሮው ተቀምጦ እንዲያወጣ ፈቀደለት። ፍርድ ቤቱ ለዚህ የሰጠው መልስ፣ የሰው ሕይወት ጥበቃ በቀረው ዕድሜ ርዝመት አይወሰንም የሚል ነው። አያቶቻችን በሁለት ቃል ብለውታል፤ ከመሞት መሰንበት።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ያቀና የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961፣ 175 ሰው እንደያዘ አየር ላይ ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ዐሥራ አንድ ነን፣ ቦምብም ይዘናል አሉ። አውስትራሊያ ውሰዱን ብለው አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ ጉዞ የተቀዳ መሆኑን ቢያስረዷቸው አላመኑም፤ አውሮፕላኑ ሩቅ መብረር እንደሚችል በመንገደኞች መጽሔት ላይ አንብበናል ብለው ተከራከሩ። ካፒቴኑ በአፍሪካ ጠረፍ ተጠግተው ወደ ደቡብ በረሩ፤ ከመሬት እንዳይርቁ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ዞሩ። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ።

በዚያ ሰዓት መሬት ላይ ሆኖ ነገሩን የሚከታተል አንድ ባለሥልጣን ቢኖርና ምን ታውቃለህ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ምን ይሆን ነበር? ዐሥራ አንድ ጠላፊ፣ አንድ ቦምብ፣ ሊደርስበት ወደማይችል አገር የሚበር አውሮፕላን፣ የማይተርፉ ሰዎች። ከዚህ ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘው ጥቂት ነው። ጠላፊዎቹ ሦስት ነበሩ። ቦምብ የተባለው ተሸፍኖ የተያዘ የመጠጥ ጠርሙስ መሆኑ በኋላ ታወቀ። አውሮፕላኑም ካፒቴኑ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ፣ ሞተር ሳይኖረው፣ በታላቋ ኮሞሮ ደሴት ገላዋ በተባለው የባሕር ዳርቻ ሆቴል አጠገብ ውኃው ላይ አረፈና ተሰባበረ። በሆቴሉ የነበሩ ጎብኚዎችና የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ደረሱላቸው፤ ለዕረፍት የመጡ ፈረንሳውያን ሐኪሞችም ቁስለኞቹን ተቀበሉ። 125 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ሳይወጡ በመንፋታቸው ውኃው ከጣሪያው ጋር አጣብቆ ያስቀራቸው ብዙ ነበሩ።

ሃምሳ ሰው ግን ተረፈ። ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ከእነርሱ መካከል ናቸው። አብርሃም ስለ ሰዶም ልመናውን የጀመረው በሃምሳ ነበር፤ ሃምሳ ጻድቅ ቢገኝ ከተማዋ ትማራለች ወይ ብሎ። እነዚህ ሃምሳ ሰዎች በየትኛውም ስሌት ላይ ዜሮ ተብለው የሚያዙ ነበሩ።

ከሞቱት መካከል ኬንያዊው የፎቶ ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ነበር። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ኮረም ላይ ካሜራውን ይዞ የቆመው እርሱ ነው፤ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ያቀረቡት ዘገባ የወሎንና የትግራይን ረኀብ ለዓለም አሳይቶ የእርዳታ ጎርፍ ያስነሣው ያኔ ነው። ሥራው ስንት ነፍስ እንዳተረፈ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ይህን የምናነሣው የእርሱ ሕይወት ከጎኑ ከተቀመጠው መንገደኛ ይበልጣል ለማለት አይደለም። የሕጉን ስሌት በገዛ ሚዛኑ ብንመዝነው እንኳ፣ መቀመጫውን የሚቆጥር ሹም በመቀመጫው ላይ ማን እንዳለ፣ ነገ ምን ሊሠራ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተቀናሹ የማይታወቅበት ቅነሳ ነው የሚሠራው።

ስለ አለማወቅ ከተነሣ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2005፣ የጀርመኑ ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ዓመት፣ ከቆጵሮስ የተነሣው የሄሊዮስ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 522 ለሬዲዮ ጥሪ መልስ ሳይሰጥ ወደ አቴንስ መጣ። ግሪክ ሁለት ኤፍ-16 ጄቶች አስነሣች። መልስ የማይሰጥ፣ መንገደኛ የጫነ፣ በአንዲት ታላቅ ከተማ አቅራቢያ የሚዞር አውሮፕላን ነበር፤ ሕጉ የሚፈራው ነገር ሁሉ ተሟልቷል። አብራሪዎቹ ተጠግተው በመስኮት ሲያዩ ግን ጠላፊ አላዩም። የኦክስጅን ጭምብሎች ተንጠልጥለዋል፤ ረዳት አብራሪው መሪው ላይ ተደፍቷል፤ ጥቂት ቆይቶም አንድ ሰው ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብቶ ሲጣጣር ታየ። የአየር ግፊቱ መቆጣጠሪያ በትክክል ባለመስተካከሉ ሁሉም ማለት ይቻላል ራሳቸውን ስተው ነበር፤ የሚጣጣረው ሰው የበረራ አስተናጋጅ ነው። ነዳጁ አልቆ ከአቴንስ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ጋር ሲጋጭ 121 ሰው አለቀ። ማንም አልጠለፈውም ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1988 የኢራንን መንገደኛ አውሮፕላን ተዋጊ ጄት መስሎት መትቶ 290 ሰው የገደለው የአሜሪካ የጦር መርከብ አዛዥም እርግጠኛ ነበር።

በሴፕቴምበር 11 ዕለት ራሱ የሆነውን እንይ። አራተኛው አውሮፕላን፣ በረራ ቁጥር 93፣ ፔንስልቬንያ ሜዳ ላይ የወደቀው ጠዋት 10 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ነው በአገሩ አቆጣጠር። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን እንደደረሰበት፣ የተጠለፈ አውሮፕላን ይመታ የሚለው የምክትል ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነበር። መንግሥት ለመግደል እስኪወስን ድረስ መንገደኞቹ ራሳቸው ወስነው ጨርሰዋል። በስልክ ከቤተሰቦቻቸው የሌሎቹን አውሮፕላኖች መጨረሻ ሰምተው፣ ተመካክረው፣ ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ተነሡ። አርባ መንገደኞችና የበረራ ሠራተኞች ሞቱ፤ ጠላፊዎቹም ካሰቡበት ሳይደርሱ ቀሩ።

እነዚህ አርባ ሰዎች ስሌቱን ያጸድቁታል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ያው ጥቂቱ ሞቶ ብዙው ተረፈ ብሎ። እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። የገዛ ቁም ተዝካራቸውን ያወጡት እነርሱ ናቸው። የሞቱት ለመኖር እየታገሉ ነው፤ ክፍሉን ሰብረው ቢገቡ ኖሮ አውሮፕላኑን ለማሳረፍ ይሞክሩ ነበር። ስለ ወዳጁ ነፍሱን የሚሰጥን ሰው የምናከብረው የሰጠው የራሱን ስለሆነ ነው። ሚኒስትሩ የሚሰጠው የሌላ ሰው ነፍስ ነው። የጀርመኑን ሕግ የደገፉ አንዳንዶች፣ ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር እንዲህ ያለውን አደጋ አውቆ ስለሚገባ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል እስከማለት ደርሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ከሕይወት የራቀ ልብ ወለድ አድርጎ ነው የወሰደው። ትኬት መግዛት ኑዛዜ መፈረም አይደለም።

ሌላው ሳይነገር የማይታለፈው፣ መሥዋዕት የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለች የእንግሊዝ ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሰጥማ አራት ሰዎች በትንሽ ታንኳ ቀሩ። ከብዙ ቀን ረኀብና ጥም በኋላ ካፒቴን ዳድሊና ስቲቨንስ የ17 ዓመቱን የመርከብ ልጅ ሪቻርድ ፓርከርን አርደው በሉት። ዕጣ አልጣሉም። ልጁ የባሕር ውኃ ጠጥቶ ታሞ ነበር፤ ሚስትና ልጅም የለውም፤ ለማንኛውም መሞቱ አይቀርም አሉ። በአራተኛው ቀን መርከብ ደረሰላቸው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ችግር መግደልን አይፈቅድም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ኋላ በምሕረት ወደ ስድስት ወር እስራት ወርዷል። ዳኛ ኮልሪጅ በፍርዳቸው ይህን ጥያቄ አንሥተው ነበር፤ ከጎልማሶቹ አንዱን ከመግደል ይልቅ ልጁን መግደል በምን ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ?

ስሌት ሁልጊዜ ወዲያ ነው የሚያዘነብለው፤ ወደ ደካማው፣ ወደ ድምፅ አልባው፣ ወደ ሩቁ። ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ የመከረው ቀያፋ ያን አንድ ሰው ከራሱ ወገን አልመረጠም። እኛም ይህን ቋንቋ በገዛ ቤታችን ሰምተነዋል። መሐመድ አሚን በቀረጸው በዚያው ረኀብ ወቅት የደርግ መንግሥት «ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም» ብሎ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ አሰፈረ። ፈቅዶ የሄደ ነበር፤ እህል ሊቀበል ከተሰለፈበት ታፍሶ የተጫነም ነበር። ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጇ ተለያዩ፤ ደጋ የለመደ ሰው ቆላ ወርዶ በወባ አለቀ። የተቃወመው የፈረንሳይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች የሞተው ሁሉ እንዲሞት ፈልገዋል አንልም። በወረቀታቸው ላይ የሚሞተው ሰው ቀድሞ ከሂሳቡ ወጥቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንዱ ከባድ ጥያቄ ገና እዚያው ቆሟል፤ መሬት ላይ ያሉትስ? እነርሱስ ክብር የላቸውም? የጀርመኑ ደራሲና የሕግ ባለሙያ ፈርዲናንድ ፎን ሺራኽ «ሽብር» በተባለው ቴአትሩ ይህን ጥያቄ ተመልካቹ ላይ አስቀምጦታል። አንድ የጦር አብራሪ ትእዛዝ ተላልፎ 164 ሰው የያዘ አውሮፕላን ይመታል፤ 70,000 ሰው ካለበት ስታዲየም እንዳይደርስ። ተመልካቹ ዳኛ ሆኖ ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ድምፅ ከሰጠው ሰው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው አብራሪውን ነፃ ለቀቀው።

ይህን ድምፅ አንንቅም። ስታዲየሙ ውስጥ የገዛ ልጁን የሳለ ሰው ሌላ ምን ይፈርዳል? ነገር ግን ቴአትሩ ለተመልካቹ የሰጠውን ነገር ሕይወት ለማንም አትሰጥም፤ እርግጠኝነትን። ደራሲው አውሮፕላኑ ስታዲየሙን እንደሚመታ ያውቃል፤ አስተናጋጁ አይነሣም፣ ካፒቴኑ አይታገልም፤ ስታዲየሙም ባዶ አይደረግም። ለስታዲየሙ ሕዝብ መንግሥት ዕዳ አለበት። ዕዳውን የሚከፍለው በፍተሻ፣ በአብራሪዎቹ ክፍል በር መጠናከር፣ ሕዝቡን ቶሎ በማስወጣት፣ በመረጃ ነው፤ ሌሎች ዜጎቹን ከፍሎ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ የገደላቸው ጠላፊው ነው፤ ይህን መናገር ለሟች ቤተሰብ ምን ያህል ትንሽ ማጽናኛ እንደሆነ እናውቃለን።

ግለሰቡስ? አንድ ሚኒስትር ወይም አንድ አብራሪ፣ ሕግ ቢከለክለውም፣ በዚያች ደቂቃ ሌላ መንገድ አልታየኝም ብሎ ቢያደርገው? ፍርድ ቤቱ የዚህን ሰው የወንጀል ተጠያቂነት ጉዳይ ሳይወስን ነው ያለፈው። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ በችሎት ይቁም። የገደላቸው ሰዎች ስም ከነአባታቸው እየተጠራ ይስማ። ዳኞች ምን ያውቅ እንደነበር፣ ምን ሳይሞክር እንደቀረ፣ ስንት ደቂቃ እንደነበረው ይመርምሩ። እንደ ዳድሊና ስቲቨንስ ቅጣቱ በምሕረት ሊቀልለት ይችላል፤ ለዚያ ልባችን ዝግ አይደለም። አስቀድሞ የተጻፈ የመግደያ ፈቃድ ኪሱ ውስጥ ይዞ ግን አይነሣ። ሕግ አስቀድሞ ከፈቀደለት ያ ድርጊት የቢሮ ሥራ ይሆናል፤ ማመልከቻ እንደ መፈረም።

ፍርዱ ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 የወቅቱ የጀርመን መከላከያ ሚኒስትር ፍራንዝ ዮሴፍ ዩንግ ሌላ መንገድ ከጠፋ ፍርድ ቤቱ ያለው ቢኖርም አውሮፕላኑ እንዲመታ አዝዛለሁ ብለው በይፋ ተናገሩ። አገሩ በክርክር ታመሰ። የጦር ጄት አብራሪዎቹ ማኅበር ግን ብዙ አልተከራከረም፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢመጣ እንዳትፈጽሙት ብሎ ለአባላቱ ምክር ሰጠ። ትእዛዙ ቢሰጥ ወደ አውሮፕላኑ ጎን ተጠግተው የሚበሩት፣ እንደ ሁለቱ የግሪክ አብራሪዎች በመስኮቱ በኩል የተቀመጡትን ሰዎች የሚያዩት እነርሱ ነበሩ።